ትንሿ ካራ ስትመዘን

(የሞረድ ድምፅ፤ ሻካራ፣ የሚነክስ)

ይህ አንድ ድምፅ ነው። አሁን ደግሞ ሁለተኛውን ስሙልኝ።

(የሞረድ ድምፅ፤ ቀጭን፣ መስታወት ላይ እንደሚሄድ የሚንሸራተት)

ሞረዱ አንድ ነው፤ የያዘውም እጅ አንድ ነው። የመጀመሪያውን ድምፅ የሰማችሁት ለቤት መሥሪያ ከሚሆን የፌሮ ቁራጭ ነው። ሞረዱ ነከሰው፤ ወረቀቴ ላይ ጥቂት የብረት ብናኝ ወርዷል። ሁለተኛው ድምፅ ከአንዲት ትንሽ ካራ ስለት የወጣ ነው። ሞረዱ እዚያ ሲደርስ መንከሻ አጥቶ ተንሸራተተ።

ዛሬ የማወራላችሁ በእጅ የተሠራች ትንሽ ካራ ጥሩ ወይም መጥፎ መሆኗን በምን እንደምናውቅ ነው። ማስመሪያ፣ አሮጌ ጋዜጣና አንድ ሞረድ ቤት ውስጥ ካለ አቅርቡ። ቢላዋም ካላችሁ አውጡት፤ ልጆች ካሉ ግን ከእነሱ ራቅ አድርጋችሁ ያዙ።

መጀመሪያ ካራዬን ላስተዋውቃችሁ። ባለፈው ክረምት መግቢያ ላይ ጎጃም ውስጥ ከአንድ የቅዳሜ ገበያ ዳር፣ ከሠሯት ባለእጅ እጅ ነው የገዛኋት። ከጫፏ እስከ እጀታዋ መጨረሻ 21 ሴንቲ ሜትር ናት። ከእጀታው የወጣው ብረት 9 ሴንቲ ሜትር ተኩል፣ የጀርባዋ ውፍረት 4 ሚሊ ሜትር ነው። ክብደቷ 200 ግራም አይሞላም። እጀታዋ ወይራ ነው። ብረቷ ላይ የመዶሻው ጠባሳ እዚህም እዚያም ይታያል፤ ጥቁሩ የእሳት ቅርፊትም ከጎኗ ሙሉ በሙሉ አልተነሳም። ከጎኗ ፋብሪካ የወጣ የሚያብለጨልጭ ቢላዋ ቢቀመጥ ብዙ ሰው እጁን የሚሰደው ወደዚያኛው ነው። እኔም እንደዚያ አደርግ ነበር።

እንዲህ ያለችው ካራ ሽንኩርት ለመክተፍ ወይም በግ ለመግፈፍ ብቻ የተሠራች አይደለችም። በውጭው ዓለም ቡሽክራፍት የሚባል ሙያ አለ፤ ብዙ ዕቃ ሳይሸከሙ ጫካ ገብቶ በእጅ ብልሃት እሳት ማንደድ፣ መጠለያ ማቆም፣ ካስማና ማንኪያ መቅረጽ ማለት ነው። የእኛ እረኛ፣ ንብ አናቢና የተራራ መንገድ መሪ ይህን ሁሉ ስም ሳያወጡለት ሲሠሩት ኖረዋል። ለዚህ ሥራ የሚሆን ቢላዋ ትንሽ መሆን አለበት። ለምን ቢባል፣ አብዛኛው ሥራ ቅርፅ ማውጣት ነው፤ ቅርፅ ሲወጣ ደግሞ ስለቱ ወደ እጅ በቀረበ መጠን ጉልበት አይባክንም፣ ጫፉም እንደ እርሳስ ይታዘዛል። ካናዳዊው የጫካ ኑሮ መምህር ሞርስ ኮቻንስኪ ለሁለገብ የጫካ ቢላዋ የመረጠው የብረት ርዝመት የመዳፍን ስፋት ያህል ነበር፤ የዚያን ግማሽ ቢያንስ ወይም እጥፍ ቢረዝምም ይሠራል ይላል። ይህ በእኛ ልኬት አንድ ጋት ማለት ነው። የፊንላንድ ገበሬ በወገቡ የሚያንጠለጥለው ፑኮም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ሞራ በምትባለው የስዊድን ከተማ አካባቢ እ.ኤ.አ. ከ1891 የሚቆጠር ታሪክ ያለው የቢላዋ ሥራ አለ፤ ዛሬም እዚያ የሚሠራው ቀላልና ርካሽ ቢላዋ በአናጢዎችና በጫካ ሰዎች ወገብ ላይ ይታያል። ካራችሁን መዳፋችሁ ላይ አጋድሙና ብረቷ አንድ ጋት መሆኑን እዩ።

ከዚያ አንድ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ፣ ጠመንጃ እንደሚያልም ሰው ከእጀታዋ ወደ ጫፏ በጀርባዋ በኩል ተመልከቱ። ጠማማ ከሆነች ወዲያው ይታያል። ከዚያ ገልብጡና በስለቷ በኩል ድገሙት። የመዶሻ ጠባሳ ምንም አይደለም። ጸጉር የመሰለ ስንጥቅ ካያችሁ ግን፣ በተለይ ስለቱ ላይ ወይም ብረቱ እጀታ ውስጥ በሚገባበት አንገት ላይ ከሆነ፣ መልሷት። ስንጥቅ እያደር ይረዝማል እንጂ አይድንም።

አሁን ወደ ዋናው፣ ለዓይን ወደማይታየው ነገር እንግባ። ሻጭ “የባሌስትራ ነው” ሲል ገዢ ይረካል። የመኪና ባሌስትራ ጥሩ አረብ ብረት መሆኑ እውነት ነው። በብዛት ከመቶ እጁ 0.6 አካባቢ ካርቦን አለው፤ ጥቂት ክሮሚየምም ይገባበታል። ተራ ፌሮ ካርቦኑ የዚህን ግማሽ ቢሆን ነው፤ ስለዚህ የፈለጋችሁትን ያህል ብታግሉትና ብትነክሩት የካራ ጥንካሬ አይወጣውም። ነገር ግን ባሌስትራ ሲሠራ የታሰበው እንዲለመጥ ነው። ጭነት ሲመጣ ጎንበስ፣ ሲወርድ ቀና እንዲል ጥንካሬው ሆን ተብሎ ዝቅ ተደርጓል። የብረትን ጥንካሬ የሚለኩ ባለሙያዎች ሮክዌል የሚባል መለኪያ አላቸው። ባሌስትራ መኪናው ሥር እያለ በዚህ መለኪያ 40ዎቹ ውስጥ ነው። ለጫካ ሥራ ከ56 እስከ 60 የሚደርስ ካራ ይመረጣል። ጥሩ ሞረድ ከ60 ያልፋል። እንግዲህ ከባሌስትራ ላይ በግራይንደር ተቆርጦ፣ እንደገና እሳትና ዘይት ሳያይ የተሳለ ቢላዋ ብረቱ ጥሩ ሆኖ ስለቱ ደካማ ነው። ደረቅ እንጨት ሲያጋጥመው ስለቱ ይተኛል። “የባሌስትራ ነው” ከተባላችሁ ቀጥሎ መጠየቅ ያለባችሁ “ስለት ከወጣለት በኋላ እንዴት ጠነከረ?” ብላችሁ ነው።

የእኔን ካራ የሠሩት ባለእጅ ይህን ስጠይቃቸው በቃል አልመለሱልኝም። ጀምረውት የነበረውን ሌላ ቢላዋ ምድጃው ውስጥ ከተቱና አንድ ጉብል ወናፉን እንዲነፋ በጭንቅላታቸው ምልክት ሰጡት። ከምድጃው ምሰሶ ላይ በሽቦ የተንጠለጠለች ጥቁር ቀለበት ነበረች። ከአሮጌ ሬዲዮ ድምፅ ማጉያ የወጣች ማግኔት ናት። ብረቱ ሲቀላ በጉጠት አወጡና ወደ ማግኔቷ አስጠጉት፤ ሳበችው። መለሱት። ትንሽ ቆይተው እንደገና አስጠጉት፤ አሁንም በደከመ ጉልበት ሳበችው። በሦስተኛው ጊዜ ማግኔቷ ዝም ብላ ተንጠልጥላ ቀረች። ያኔ ብረቱን አንድ ጊዜ ብቻ ወደ ከሰሉ መልሰው፣ ቀይነቱ ወደ ብርቱካንማ ሲያዘነብል፣ የሞቀ ዘይት የያዘ ቆርቆሮ ውስጥ ጫፉን ወደ ታች አድርገው ነከሩት።

አድማጮቼ፣ ያቺ ማግኔት ቴርሞሜትር ናት። ብረት 770 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲደርስ በማግኔት መሳቡ ይቀራል። ባሌስትራ ለመጠንከር ከዚያ ከፍ ብሎ ወደ 830 ዲግሪ ገደማ ይፈልጋል፤ ባለእጁ ብረቱን አንድ ጊዜ ወደ ከሰሉ የመለሱት ለዚህ ነው። በዚያ ግለት ብረቱ ውስጥ ያለው ካርቦን እንደ ስኳር በሻይ ይሟሟል። ቀስ ብሎ ቢቀዘቅዝ ካርቦኑ ከብረቱ ተለይቶ ይሰበሰብና ብረቱ ይለሰልሳል። በድንገት ሲቀዘቅዝ ግን ካርቦኑ መሸሻ አጥቶ በብረቱ ቅንጣቶች መካከል ይቀረቀራል። ያ የተቀረቀረ ውቅር በጀርመናዊው የብረት አጥኚ በአዶልፍ ማርቴንስ ስም ማርቴንሳይት ይባላል፤ ሞረዱን ያንሸራተተው እሱ ነው። ውሃ ሳይሆን ዘይት የተመረጠው ውሃ እንዲህ ያለውን ብረት ከልክ በላይ በፍጥነት ስለሚያቀዘቅዘውና ስንጥቅ ሊያመጣበት ስለሚችል ነው። ዘይቱ መሞቁም ጥቅም አለው፤ ለብ ያለ ዘይት ከቀዝቃዛው ይልቅ ስለሚቀጥን ብረቱን ፈጥኖ ይሸፍነዋል።

ሥራው ግን እዚህ አያበቃም፤ ብዙ ካራ የሚበላሸውም እዚህ ላይ ነው። ከዘይት የወጣ ብረት ጠንካራ ቢሆንም እንደ ገል ነው፤ ድንጋይ ላይ ቢወድቅ ይሰበራል። ስለዚህ ሁለተኛ፣ ለስላሳ እሳት ያስፈልገዋል። 200 ዲግሪ አካባቢ ለአንድ ወይም ለሁለት ሰዓት ቢሞቅ ጥንካሬው ብዙ ሳይቀንስ ጽናት ያገኛል። የዳቦ መጋገሪያ ኦቨን ያለው ሰው በዚያ ይሠራዋል። የእኔ ባለእጅ ኦቨን የላቸውም። የብረቱን ጎን በአሸዋ ፈግፍገው ካነጡ በኋላ የጋለ ወፍራም ብረት ላይ በጀርባው አቆሙት፤ ዓይናቸውንም ሳይነቅሉ ተመለከቱት። ሙቀቱ ከጀርባ ወደ ስለት ሲወጣ ቀለም ይዞ ይወጣል። መጀመሪያ የስንዴ ገለባ የመሰለ ቢጫ፣ ቀጥሎ ቡናማ፣ ከዚያ ወይን ጠጅ፣ 300 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ሰማያዊ ይሆናል። ቢጫው ስለቱ ላይ ሲደርስ አነሱት። በዚያ ጊዜ ጀርባው ሰማያዊ ሆኗል፤ ይህም መልካም ነው። ጀርባው ለስለስ ብሎ መዶሻ ይችላል፣ ስለቱ ጠንክሮ ይቆርጣል። የዕድሜ ልክ ዕውቀት ያለበትን ይህን ሥራ ሲሠሩ አንድም ቃል አልተነፈሱም።

ብረቱ በልኩ መጠንከሩን ቤታችሁ ሆናችሁ የምትፈትኑት በሁለት መንገድ ነው። አንዱ ቅድም የሰማችሁት ነው። እጀታው አጠገብ ባለው የስለቱ ክፍል ላይ ሞረዱን ጫን ሳትሉ በቀስታ ግፉት። ከነከሰ ለስላሳ ነው፤ ከተንሸራተተ ጠንክሯል። ሁለተኛው ይህ የማይነግራችሁን ይነግራችኋል፣ እንደ ገል የሚሰበር መሆኑን። ካራዋን በደንብ ከሳላችሁ በኋላ ክብ የናስ ዘንግ ላይ ስለቷን ዘርጋ አድርጋችሁ፣ ብርሃን ወደሚመጣበት ዞራችሁ፣ በልክ ተጫኑ። ስለቱ ሲለመጥ ብርሃኑ ላይ ትንሽ እብጠት ሲሮጥ ይታያችኋል። ስትለቁት ከተመለሰ የሁለቱም እሳት ልክ ተጠብቋል። እንደተጣመመ ከቀረ ለስላሳ ነው። ፍርፍር ካለ ሁለተኛውን እሳት አላገኘም። የእኔ ካራ ሁለቱንም አለፈች። እኔም ደስ ብሎኝ፣ ጨርሻለሁ ብዬ፣ ወደ ቤቴ ይዣት ገባሁ።

እንጨት ላይ ሳሳርፋት ግን ሌላ ነገር መጣ። ከዚያ በፊት ስለ አቀማመጥ አንድ ቃል ልናገር፤ እባካችሁ ይህን አትለፉት። እንጨት ስትቀርጹ በሁለት ጭናችሁ መካከል አትቅረጹ። በጭን ውስጠኛ ጎን ትልቅ የደም ሥር ያልፋል፤ ከተቆረጠ ደቂቃ አይሰጥም። ወይ ወደ ጎን ዞራችሁ ከጉልበታችሁ ውጪ ቅረጹ፣ ወይ ክርናችሁን ጉልበታችሁ ላይ አስደግፋችሁ ከጉልበት ወደ ፊት ቅረጹ። የሌላ ሰው እጅም በአጠገብ አይኑር።

የጫካ ካራ ዋና ፈተና በክረምት እሳት ማቀጣጠያ ማዘጋጀት ነው። ዝናብ የመታው እንጨት ውስጡ ደረቅ ነው። ፈልጣችሁ ውስጡን ታገኛላችሁ፤ ከዚያ እንጨቱን ሳትቆርጡ ከላይ ወደ ታች በስሱ እየላጣችሁ፣ ልጣጩ ከሥሩ ሳይለይ እንደ ዶሮ ላባ እየተጠቀለለ እንዲቀር ታደርጋላችሁ። ያ ጥቅል በአንድ ክብሪት ይያያዛል። ይህን የምታደርግ ካራ ሌላውን ሁሉ ታደርጋለች።

መፍለጡን ካራዬ አሳምራ ሠራችው። የካራዋን ስለት የእንጨቱ አፍ ላይ አሳርፌ ጀርባዋን በዱላ መታሁ። እዚህ ላይ የምጠብቀው ደንብ አለ፦ የሚፈለጠው እንጨት ውፍረት ከብረቱ ርዝመት ሁለት ሦስተኛ አይብለጥ፤ ለእሷ 6 ሴንቲ ሜትር ማለት ነው። የብረቱ ጫፍ በወዲያ በኩል ካልታየ ዱላው የሚያርፍበት አይኖርም። ይህ ምት የእጀታውንም ምስጢር ያወጣል። ብዙ የገበያ ቢላዋ ወስፌ የመሰለ ቀጭን የብረት ጭራ በእሳት ግሎ እንጨት ውስጥ ይሰካበታል። ለሽንኩርት ይበቃል፤ ለዱላ ግን ጭራው እጀታ ውስጥ ይላወሳል፣ አንድ ቀን ይሰበራል። የእኔዋ ብረት በእጀታዋ ሙሉ ርዝመትና ስፋት ያልፋል፤ የወይራው ሁለት ክፋይ ከግራና ከቀኝ በናስ ሚስማር ተቀጥቅጦ ተይዟል። ሃምሳ ምት ያህል ከመታኋት በኋላ እጀታዋን ጆሮዬ አጠገብ አድርጌ ነቀነቅኋት፤ ምንም አልተላወሰም።

መላጡ ላይ ግን እምቢ አለችኝ። ደረቅ የባሕር ዛፍ ፍልጥ ላይ ስገፋት ላባ አልወጣም፤ አጭር አጭር ስብርባሪ እየተነቀለ ወለሉ ላይ ወደቀ።

(የቅረጻ ድምፅ፤ የሚነቃነቅ፣ የሚቆራረጥ)

ከቀዳሁት ድምፅ እንደምትሰሙት ካራዋ እንጨቱን ትፈነቅለዋለች እንጂ አትላጠውም። ጋዜጣ ሳስቆርጣት ግን ያለ ምንም ችግር ቆርጣ ነበር። ስለታም ሆና እንዴት አትቆርጥም? ሃያ ደቂቃ ስታገል ከአመልካች ጣቴ ሥር ውሃ ቋጠረ፤ እጀታዋ ከአንገቷ ላይ ያልተከረከመ ጠርዝ ነበራትና። እጀታን ለመፈተን ገበያ ላይ ጨብጦ መልቀቅ አይበቃም። ሃያ ደቂቃ ያለ ማቋረጥ ሥሩበት፤ ከዚያ መዳፋችሁን ገልጣችሁ እዩ። መዳፉ የቀላበት ቦታ እጀታው ላይ መስተካከል ያለበትን ቦታ ያሳያችኋል። የእጀታዋ ሌላው ቅርፅ መልካም ነበር። ክብ ሳይሆን እንቁላል መልክ ስላለው፣ በጨለማም ብትይዙት ስለቱ በየት በኩል እንደዞረ ጣታችሁ ያውቃል።

የላባውን ጉዳይ የፈታልኝ ማስመሪያ ነው። ማስመሪያችሁን አሁን አንሡ። የጫካ ካራ ጎን ሁለት ክፍል አለው፤ ከጀርባው ወደ ታች ዝርግ ሆኖ ይመጣና ከአንድ መስመር ጀምሮ ወደ ስለቱ ይወርዳል። በሰሜን አውሮፓ ካራዎች ላይ ይህ ተዳፋት ከመስመሩ እስከ ስለቱ ጫፍ አንድ ወጥ ነው፤ መጨረሻው ላይ ሌላ ትንሽ ተዳፋት አይጨመርበትም። ቢላዋውን ስትስሉ ተዳፋቱን ድንጋዩ ላይ ማስተኛት ብቻ ነው፤ ማዕዘኑን እጃችሁ አይስትም። አሁን የዚህን ተዳፋት ስፋት በሚሊ ሜትር ለኩ፤ የጀርባውንም ውፍረት ለኩ። ስፋቱን ለውፍረቱ አካፍሉ። ሁለት ተኩል ከመጣላችሁ ሁለቱ ጎኖች ስለቱ ላይ የሚገናኙበት ማዕዘን 23 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ለእንጨት ሥራ ግሩም ነው። ሁለት ከመጣ 29 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ይሠራል፣ ግን ጉልበት ይፈልጋል። አንድ ከመጣ ከ50 ዲግሪ በላይ ነው፤ ፍልጥ ሥር የሚገባ ሽብልቅ እንጂ ቢላዋ አይደለም። ሦስት ከመጣ ወደ 19 ዲግሪ ወርዷል፤ ለስላሳ እንጨት ላይ ይጣፍጣል፣ ወይራ ላይ ግን ስለቱ ሊፈረፈር ይችላል።

የእኔዋ ጀርባ 4፣ ተዳፋቷ 6 ሚሊ ሜትር ነበር። አንድ ተኩል ነው፤ ማዕዘኑ ወደ 39 ዲግሪ ይደርሳል። ጋዜጣ ቀጭን ስለሆነ የሚያልፈው የስለቱን ጫፍ ብቻ ነው፤ ለዚያ ተስላለች። እንጨት ውስጥ ግን ከስለቱ በኋላ የሚመጣው ትከሻም መግባት አለበት፤ እሱ ነው እንጨቱን የሚፈነቅለው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጋዜጣ የቆረጠን ቢላዋ ጎበዝ ብዬ አላውቅም።

ማስመሪያዬን ኪሴ ከትቼ ወደ ባለእጁ ተመለስኩ።

እዚህ ላይ ልቤን የሚከብደውን ልናገር። በአገራችን ማረሻውንም፣ ማጭዱንም፣ ጦሩንም የሠራልን ቀጥቃጭ ነው። ሕዝቡ ግን ማረሻውን ከእጁ እየተቀበለ ቡዳ እያለ ሸሽቶታል፤ ከእሱ ጋር መጋባትን ነውር አድርጎታል። በጎንደር አካባቢ ለዘመናት ብረት ሲቀጠቅጡ የኖሩት ቤተ እስራኤላውያን ይህን ስም ተሸክመው ኖረዋል። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ባለሙያን በሥራው መስደብ ይቅር ብለው አዋጅ አስነግረዋል። አዋጁ ከተነገረ መቶ ዓመት አልፎም ንቀቱ በሌላ መልክ አለ። የባለእጅ ሥራ ጥሩ ሲሆን ዋጋው ይቀነስበታል፤ ሲጎድል ማንም ተመልሶ አይነግረውም፣ ገዢው ዝም ብሎ የፋብሪካውን ይገዛል። ጉድለቱን ያልሰማ ባለሙያ በምን ያርመዋል? እኔ መመዘን የምለው ለዚህ ነው። ለክቶ፣ ሞክሮ፣ ያገኙትን ይዞ ወደ ሠሪው መመለስ ነው።

“ምነው ልጄ፣ አልቆርጥ አለች?” አሉኝ ገና ሲያዩኝ።

“ትቆርጣለች ጋሼ፤ እንጨት አትልጥም እንጂ” አልኩና ፍልጡን ሰጠኋቸው። ራሳቸው ገፏት። ስብርባሪው ሲወድቅ አዩ። ማስመሪያውን አሳየኋቸው፤ ስድስቷንም፣ አራቷንም። ስፋቱ ቢያንስ ዘጠኝ፣ ቢቻል አሥር ቢሆን ብዬ ጠየቅኋቸው። ለገበያ የሚሠሩት ለሥጋና ለገመድ ስለሆነ ትከሻዋን ወፍራም እንደሚተዉ ነገሩኝ፤ ቀጭን ካደረጉት ሰው አጥንት ሲመታበት ተፈረፈረ ብሎ ይመልስባቸዋል። ልክ ናቸው። ካራ የሚመዘነው በሚሠራበት ሥራ ነው፤ እኔ የምሠራባትን ሥራ ቀድሜ አልነገርኳቸውም ነበር።

የጠነከረን ብረት ሞረድ አይነክሰውም፤ ስለዚህ በሚሽከረከር የድንጋይ ጎማ ላይ መቅጠን ነበረባት። አደጋው ሙቀት ነው። ድንጋዩ ስለቱን አግሎ ሰማያዊ ካደረገው፣ ያን ቢጫ ጠብቆ ያነሳው ሁሉ ድካም በአንድ ቅጽበት ይጠፋል፤ ያ ቦታ ለስላሳ ሆኖ ይቀራል። ባለእጁ ጓንት አላደረጉም። ባዶ አውራ ጣታቸውን ብረቱ ላይ አስደግፈው፣ አንድ ጊዜ ከእጀታ እስከ ጫፍ ይስቧትና ጆግ ውስጥ ካለው ውሃ ይነክሯታል። እንደገና ይስባሉ፣ እንደገና ይነክራሉ። ጣታቸው ካልቻለው ስለቱም አይችለውም ማለት ነው። ቢላዋ ስትገዙ ስለቱ አጠገብ ሰማያዊ ወይም ወይን ጠጅ ነጠብጣብ ካያችሁ ይህ ጥንቃቄ ተጓድሏል፤ አትግዙት። ከአንድ ሰዓት በላይ ፈጀባቸው። ዘጠኝ ሚሊ ሜትር ሲሞላ በመሳያ ድንጋይ አስተካከሏት፤ የእጀታዋንም ጠርዝ በሞረድ አለዘቡልኝ። ለድካማቸው የጠየቁኝን ከፈልኩ፤ መክፈልም ይገባኛል።

ካራዋ እስክትደርቅ ድረስ ስለ አፎቱም አወራን፤ በአጭሩ ልንገራችሁ። አፎቱን ገልብጣችሁ ነቅንቁት፤ ካራዋ ከወደቀች አይረባም። በስፌቱ በኩል ስለቱ የሚያርፍበት ተጨማሪ የቆዳ ቁራጭ መሃል መግባት አለበት፤ አለዚያ ስለቱ ክሩን እየቆረጠ አንድ ቀን በጎን ይወጣል። በእርጥብ ቆዳ ውስጥ ካራ አይደር፤ ዝገት ይጀምራል። ብረቷን ከሥራ በኋላ አድርቃችሁ ቀለል ያለ ዘይት ቀቧት። ሽንኩርትና ሎሚ ቢያጠቁሯት አትደንግጡ፤ ያ ጥቁረት ዝገት አይደለም። ለወይራው እጀታ የተልባ ዘይት ጥሩ ነው፤ ሲደርቅ ራሱ ሽፋን ይሆናል። በተልባ ዘይት የራሰ ጨርቅ ግን ጨብጣችሁ ጥግ አትጣሉ። ሲደርቅ ሙቀት ያወጣል፤ ተጠቅልሎ ከተቀመጠ ያለ ክብሪት እሳት ሊነሳበት ይችላል። ዘርግታችሁ ውጭ አድርቁት።

የካራዋ ጀርባ ጠርዝ እንዳይከረከም ግን ጠይቄ ነበር። ቀጥ ያለ፣ ሹል ማዕዘን ያለው ጀርባ የእንጨት ልጣጭ እንደ ጥጥ ይፍቃል፤ ስለቱንም ያሳርፋል። ባልጩት ይዞ እሳት ለመፈንጠቅ ግን ሹል ጠርዝ የሚያስፈልገው ባልጩቱ ላይ ነው፤ ፍንጣሪው ባልጩቱ ከብረቱ ላይ የሚልጠው ብናኝ ሲግል ነውና። ባልጩት ስል አፋር ውስጥ ጎና ላይ የተገኙት የድንጋይ መቁረጫዎች ትዝ ይሉኛል፤ 2.6 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ አላቸው። የሰው እጅ ትንሽ መቁረጫ ሲሠራና ሲሞክር በዚህ ምድር ላይ ብዙ ቆይቷል።

ሥራው ሲያልቅ ባለእጁ ካራዋን ለእኔ አልሰጡኝም። ፍልጡን ራሳቸው አነሱና፣ ጉልበታቸው ላይ ክርናቸውን አስደግፈው፣ ቀስ ብለው ገፏት።

(የቅረጻ ድምፅ፤ ረጅም፣ ለስላሳ፣ የማይቆራረጥ)

ልጣጩ ተጠቅልሎ ተጠቅልሎ ፍልጡ ላይ ቀረ። አንድ ሌላ ጨመሩበት፤ ሦስተኛም። ወናፍ የሚነፋው ጉብል መንፋቱን ትቶ አጠገባቸው መጥቶ ቆመ። ባለእጁ ፍልጡን ለእሱ ሰጡትና ማስመሪያዬን ጠየቁኝ። መስፋቸው አጠገብ ከነበረ የቆርቆሮ ቁራጭ ላይ፣ በሚስማር፣ አሥር ሚሊ ሜትር ለክተው ጭረት አወጡ። ጭረቱን በአውራ ጣታቸው ዳሰሱትና ቆርቆሮውን ከማግኔቷ ጎን በሽቦ አንጠለጠሉት።